ናይሮቢ ኳስ ለማየት ያሰበ ከጓሳ ይማር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መሥሪያ ቤት አሠራርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ እመለከታለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ግን በመጀመሪያ ሲያዩት ቀልድ ሊመስል ይችል ይሆናል። ይኸውም፣ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የአፍሪካን ዋንጫ ግጥሚያ ጎረቤት አገር ሄደን ለማየት ከአሁኑ ጀምረን እናቅድ የሚል ነው። አሳቡ የሚነቀፍ ከሆነ ነቀፌታውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተነቦ ይፈረድብኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2027 ውድድር አዘጋጅነት ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ በአንድነት ተሰጥቷል። ዋንጫው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ከተደረገበት ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ተደርጎ አያውቅም። ናይሮቢም ለዚሁ ውድድር ሲባል 60 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ የታሰበ አዲስ ስታዲየም መሥራት መጀመሯ ይታወቃል።

መንገዱን በካርታ ብናየው የሚያስፈራ አይደለም። እኔ ያለሁበት የመንዝ ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ለመድረስ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ለመግባት ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ መንገድ ይቀራል፤ ቀድሞ አቧራና ድንጋይ የነበረው ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። ከኬንያ ጋር ያለ ቪዛ የመግባት የቆየ ስምምነትም አለን። ስለዚህ ጉዞው ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለሜክሲኮ እንደ ተሰጠው የ2026 የዓለም ዋንጫ የአውሮፕላኑም የቪዛውም ነገር ከአቅማችን በላይ የሆነ አይደለም። በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው።

ይህንን አሳብ በመምህራን ክፍል ውስጥ ባነሣሁ ጊዜ አንድ የማከብራቸው አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ፣ «ልጄ፣ ለልጁ ደብተር መግዛት የከበደው አስተማሪ ኳስ ለማየት ናይሮቢ ይሄዳል ቢባል ማን ያምናል?» አሉኝ። ቃላቸው እውነት ስለ ሆነ ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልሁም። ብዙ ቀን ሳሰላስለው ከቆየሁ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት።

በመጀመሪያ፣ ይህ ዋንጫ ለእኛ ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብጽና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በፍጻሜው ግጥሚያ ግብጽ 4 ለ 0 አሸንፋናለች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ያቺኑ ግብጽን አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታናት፤ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ እኛ ለዚህ ዋንጫ እንግዶች አይደለንም፤ ቤቱን ከመሠረቱት መካከል ነን። ዛሬ ግን የቤቱ መሥራች በደጅ ቆሞ በመስኮት እንደሚያይ ሰው ሆነናል።

ሁለተኛው ነገር የእኔው ታሪክ ነው፤ መናገሩ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብዬ እነግራለሁ።

አንባብያን እንደሚያስታውሱት፣ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ቆይቷል። በጥቅምት ወር 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ማለፉን ያረጋገጠ ዕለት፣ በመላ አገሪቱ የነበረው ደስታ ይህ ነው ተብሎ የሚነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ እኔ ሥራ ከጀመርሁ ገና ብዙ አልቆየሁም ነበር። ስምንት ጓደኛሞች፣ አምስት መምህራንና ሦስት የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ማታ መሐል ሜዳ በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን «እንሄዳለን» ብለን ተማማልን። እያንዳንዳችን 2 ሺህ ብር አዋጣን፤ ጠቅላላው 16 ሺህ ብር ሆነ። በዚያ ጊዜ ይህ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ድርሻውን ያገኘው እናቱ በጎች ሸጠው ስለ ሰጡት ነው። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ ስሕተታችንን ልቍጠር። ከስምንታችን ፓስፖርት ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ቪዛ እንደሚያስፈልግ ያወቅነው ገንዘቡን ካዋጣን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥር ደግሞ የግማሽ ዓመት ፈተና ጊዜ ነው። ውድድሩ ሊጀመር የቀረው ሦስት ወር ብቻ ነበር። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን፣ «ፓስፖርቱንም፣ ቪዛውንም፣ የመግቢያ ትኬቱንም አንድ ላይ ጨርሼ አመጣላችኋለሁ» የሚል ሰው አዲስ አበባ ላይ አገኘሁ። እኔም ደረሰኝ ሳልቀበልና ጓደኞቼን ሳላማክር 9 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለው፣ ሰውየውን ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም።

የቀረውን 7 ሺህ ብር ለስምንት ስናካፍለው ለያንዳንዱ 875 ብር ደረሰው። በጎቻቸውን ለሸጡት እናት ልጅ የጐደለበትን ከደመወዜ ቀስ በቀስ ከፈልሁት፤ የሌሎቹን ግን እስከ ዛሬ አልከፈልሁም፤ እነርሱም አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸው ከጠየቁኝ ይልቅ ይከብደኛል። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር እንኳ ስንነሣ ከሳምንት በፊት ደብተራችንን ለሁለት አስምረን በአንድ በኩል «የሚያስፈልግ»፣ በሌላው በኩል «ያለ» ብለን እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበር። ተማሪ ሳለሁ የማውቀውን ነገር መምህር ስሆን ረሳሁት ማለት ነው።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ማለት ዋንጫውን ካነሣንበት ቀን ልክ 51 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ኢትዮጵያ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በዚያው በመሐል ሜዳው ቡና ቤት ቆሜ በቴሌቪዥን አየሁ። የእኛ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዕረፍት ሳይደርስም ግብ ገባብን። ነገር ግን በ10 ሰው ሲጫወት ቆይቶ አዳነ ግርማ አቻ የሚያደርገውን ግብ አገባና ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቡና ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ ስምንታችንም እዚያው ነበርን፤ ተቃቅፈን ጮኽን። ጩኸቱ ሲበርድ ግን እርስ በርስ መተያየት አልቻልንም።

በዚያ ምሽት በቴሌቪዥን ካየሁት ነገር ሁለቱ እስከ ዛሬ ከአሳቤ አልወጡም። የመጀመሪያው፣ የኔልስፕሩት ስታዲየም በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማ ተሞልቶ መታየቱ ነው። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን የሄደው ደጋፊ ጥቂት ነበር፤ ስታዲየሙን የሞላው በጆሃንስበርግና በሌሎቹ የደቡብ አፍሪካ ከተሞች በንግድ የሚተዳደረው ወገናችን ነው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ወደዚያ የደረሱት በሞያሌ በኩል፣ ያለ ሰነድ፣ በደላላ እየተመሩ፣ በረሃና ጫካ አቋርጠው ነው። ሁለተኛው፣ በረኛችን በቀይ ካርድ በወጣ ጊዜ ከእኛው ደጋፊዎች መካከል አንዳንዶቹ ቩቩዜላና ሌላም ዕቃ ወደ ሜዳ በመወርወራቸው ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ መቋረጡ ነው። በመጀመሪያው ልቤ ተነካ፤ በሁለተኛው አፈርሁ።

እንግዲህ ወደ ጓሳ ልመለስ። ጓሳን ለማያውቅ አንባቢ፣ ጓሳ የሣር ስም ነው፤ በዚያው ሣር ስም የሚጠራው የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱም ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ብርዳም አገር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ይሆናል። ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ ከ300 ዓመት በፊት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች በፈረስ ግልቢያ ድንበሩን ለይተው ለሁለት ተካፈሉት። ዘሮቻቸውም ቄሮ በሚባለው ሥርዓት መሠረት አለቃ መርጠው፣ ሣሩ ሳይታጨድ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት እንዲዘጋ ያደርጉ ነበር። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ የሚከፈትበት ቀን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ በዚያን ቀን ባለጸጋውም ድኻውም ማጭዱን ይዞ በአንድነት ይወጣል። በተዘጋው ጊዜ ሰርቆ ባጨደው ሣር ቤቱን የከደነ ሰው ቢገኝ ክዳኑ ይቃጠልበት እንደ ነበር ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ሥርዓቱ ቢላላም፣ ሕዝቡ በኋላ ዘመን መልሶ በማኅበር ተደራጅቶ ጓሳን እስከ ዛሬ ጠብቆታል።

ይህን የምተርከው ታሪክ ለማሳመር አይደለም። አባቶቻችን የወረቀት ዕቅድ ባይጽፉም፣ አንድ ነገር ዛሬ እያማረህ ለሦስት ዓመት እጅህን ሰብስበህ መቆየት፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ከሌላው ጋር አብረህ መውጣት የሚሉትን ነገር በሚገባ ያውቁ ነበር። እኛ ስምንታችን በ2005 ዓ.ም. ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሣሩ ሳይበቅል ማጭድ ይዘን ወጣን።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የጉዞ ማኅበር ለማቋቋም ለሚፈልጉ ሁሉ ከደረሰብኝ ነገር በመነሣት የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማኅበሩ ከ10 እስከ 15 ሰው ብቻ ይሁን፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጡ። ገንዘቡ በማንም ኪስ ሳይገባ በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር በኩል ይቀመጥ። ደረሰኝ የሌለው አንድ ብር እንኳ አይውጣ። ይህን ሕግ የማወጣው ሌላውን ተጠራጥሬ አይደለም፤ እኔው ራሴ ገንዘብ ያዥ በነበርሁ ጊዜ የሚያግደኝ ባለመኖሩ ምን እንዳደረግሁ ስለማውቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ገንዘቡ እንደ ጓሳ ይዘጋ። ለኀዘን ዕድር አለ፤ ለችግር ብድር አለ፤ ለጉዞ የተቀመጠ ገንዘብ ግን ለጉዞ ብቻ ይሁን። ለምሳሌ 12 አባላት በወር 1 ሺህ ብር ቢያዋጡ፣ በ15 ወር ያንዳንዱ ድርሻ 15 ሺህ ብር፣ የማኅበሩ ጠቅላላ ደግሞ 180 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ሁሉንም ወጪ ይሸፍናል አልልም፤ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ገንዘብ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይደለም። በወር 1 ሺህ ብር የማይችል 500 ያስቀምጥ፤ የማይችልም ደግሞ ይቅር፤ ተበድሮ ኳስ ማየት ግን አይገባም።

ሦስተኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ፓስፖርት ይውጣ። ዋጋው ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ከፍ ማለቱን አንባብያን ያውቃሉ፤ በጥድፊያ ጊዜ የሚከፈለው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ወራት መዋጮ ለዚህ ይዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ወስዶ ካርዱን መያዝ፣ የመግቢያውንም ደንብ ከመነሣት በፊት ከኤምባሲው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ደንብ ይለዋወጣልና።

አራተኛ፤ የስታዲየም ትኬት ከሕጋዊው መሸጫ በቀር ከማንም አይገዛ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. እነዚሁ ሦስት አገሮች በየአገራቸው ውስጥ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ባዘጋጁ ጊዜ፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ትኬት የሌላቸው ሰዎች ጥሰው በመግባታቸው የተመልካቹ ቁጥር እንዲቀነስ፣ ትኬቱም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ ከ1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በር ላይ የሚመለስ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቀድመን እንወቅ።

አምስተኛ፤ ፈቃድ ያላገኘ ሰው አይሂድ። ባለጉዳይ በቢሮ ደጅ ቆሞ፣ ተማሪ ያለ መምህር ቀርቶ የሚደረግ ጉዞ ለማኅበሩም ስድብ ነው። የዓመት ዕረፍትን አስቀድሞ ማስመዝገብ፣ የውድድሩ ቀን ቢለዋወጥም ዕቅዱን ከዚያው ጋር ማስተካከል ይገባል።

ስድስተኛ፤ ቡድናችን ባያልፍስ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት በቃለ ጉባኤ ይወሰን። በበኩሌ ቢያልፍም ባያልፍም እንሂድ እላለሁ። የአፍሪካ ዋንጫ የአፍሪካ ነው፤ የሌሎቹ አገሮች ሕዝብ እንዴት እንደሚደግፍ፣ ስታዲየሙ እንዴት እንደሚጠበቅ አይቶ መምጣትም ትምህርት ነው። የማይስማማ አባል ቢኖር ግን ድርሻው ሳይጓደል ይመለስለት።

ዕቅድ ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት በእኛ በተራ ሰዎች ላይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋና ላይ ባሸነፍነው ግጥሚያ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት አንድ ተጫዋች ተሰልፎ በመገኘቱ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ምድቡን በኋላ ብናልፈውም፣ በላብ የተገኘውን ነጥብ ያሳጣን የእግር ድካም ሳይሆን በመዝገብ ላይ ያልታየ አንዲት መስመር ናት። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ሥራችን መዝገብ ነው፤ ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባናል።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል ልበል። ዛሬ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ለመውረድ እንኳ ከመነሣታችን በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለን መጠየቅ ልማድ ሆኖብናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ናይሮቢ ማውራት ሞኝነት ነው የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን ሰው ሰላምን የሚናፍቀው በሰላም ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሲያስብ ይመስለኛል። ሄዶ ለመመለስ የሚያቅድ ሰው መንገዱ ሰላም እንዲሆን ይመኛል።

አሁን የአዛውንቱን ባልደረባዬን ጥያቄ ልመልስ። ለደብተር የሌለው ገንዘብ ለኳስ ከየት ይመጣል ላሉት፣ እኔም ቁጭ ብዬ ደብተሬን ለሁለት አስምሬ አሰላሁት። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ቡድኖችን ጨዋታ ለማየት ለቤቱ እንከፍላለን፤ በየከተማው በተከፈቱት የውርርድ ቤቶች የምናስይዘውን ደግሞ ለሚስታችን እንኳ አንናገርም። በማንቸስተርና በሎንደን ያለውን ቡድን እስከ ተጠባባቂው ድረስ በስም የምናውቅ ሰዎች፣ የራሳችን ቡድን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ባሸነፈ ጊዜ፣ የሜዳችን ጨዋታ ሆኖ ሳለ በደረጃ የተፈቀደ ስታዲየም ስላልነበረን በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ መደረጉን ምን ያህሎቻችን እናስታውሳለን? ስለዚህ ከልጆቻችን ደብተር ላይ ቀንሱ አላልሁም፤ ከውርርዱ ላይ ቀንሱ ነው ያልሁት።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝን እውነተኛ ምክንያት ልናገር። ከጥቂት ዓመት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ፣ በትምህርት ቤታችን ቡድን በግራ ክንፍ የሚጫወት ጐበዝ ልጅ፣ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሞያሌን አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም፤ ምን አለ እዚያ?» አልሁት። «እንዲያው ነው» ብሎ ዝም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ከትምህርት ቤት ቀረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ በቴቴ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ የሚል ዜና ቀደም ብዬ ሰምቼ ስለ ነበር፣ ልጁ በቀረ ጊዜ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ እኔ አውቃለሁ። ደግነቱ ልጁ በሕይወት ደርሷል፤ ዛሬ በጆሃንስበርግ በሰው ሱቅ ይሠራል ብለው ቤተ ሰቦቹ ነግረውኛል።

የዚያን ቀን ለልጁ የሰጠሁትን መልስ ባስታወስሁ ቁጥር እቈጫለሁ። ሞያሌን ባውቀው ኖሮ፣ በዚያ በር ፓስፖርት ይዤ ወጥቼ የተመለስሁ ሰው ብሆን ኖሮ፣ የምነግረው ነገር ይኖረኝ ነበር። ተማሪዎቻችን ስለዚያ በር የሚሰሙት ከደላላ ብቻ ነው፤ ወጥቶ በቀኑ የተመለሰ መምህር አይተው አያውቁም። እኛ 12 መምህራን በሰነድ ወጥተን፣ ኳሳችንን በሥርዓት አይተን፣ ወደ ሜዳ አንዳች ሳንወረውር፣ በተባለው ቀን ተመልሰን ክፍላችን ብንገባ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምንጽፈው የጂኦግራፊ ትምህርት የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ማኅበር 11 ሰው ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. ገንዘባቸውን ካጠፋሁባቸው ጓደኞቼ ሦስቱ ዳግመኛ ገብተዋል፤ በጎቻቸውን የሸጡት እናት ልጅም ከእነርሱ አንዱ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ያዡ እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ነው። አዛውንቱ ባልደረባዬም አሳቡን እያሰቡበት መሆናቸውን ትናንት ነግረውኛል፤ 12ኛ ሆነው ቢገቡ ቦታቸው እንደ ተጠበቀ ነው።

ይህ አሳብ የሚጠቅም መስሎ ከታያችሁ በዓምዳችሁ ላይ እንድታወጡልኝ፣ የተሻለ አሳብ ያላቸው አንባብያንም እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመንዝ፣ ጓሳ